ሁለት ወገብ ያላት ሸማ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህን ነገር ረጋ ብዬ ላወራችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ገና ስጀምረው መዳፌን ይበላኛል፣ ምን ላድርግ!

ስሟን የማልጠራት አንዲት አገር ነበረች። ለምን አትጠራትም የሚለኝ ካለ፣ ስም ሲጠራ ባለስሙ ይቆጣል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ቁጣ የምችልበት ጉልበት የለኝም። በዚያች አገር በምሥራቁ ግንብ ላይ ገመድ ጎታች ነበርሁ። ስለዚህ የማወራችሁ ሰው የነገረኝን ሳይሆን በእጄ የያዝሁትን ነው።

አገሪቱ ክብ ናት፣ ዙሪያዋን በቅጥር የታጠረች። ሕዝቡ ሲበዛ ቅጥሩ ይጠባል። ሌላ አገር ሲጠበው ጎረቤቱን ይወጋል። የእኛ ሰዎች ግን ሲጠባቸው ለሁለት ይከፈላሉ። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ! መከፈል ለእኛ እንደ ሠርግ ነው፤ ከበሮ ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ማን ወደ ምሥራቅ ማን ወደ ምዕራብ እንደሚሄድ በዕጣ ይለያል። ክፍፍሉ ሲያልቅ በመካከል አዲስ ቅጥር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ከወዲያ ወዲህ መሻገር የለም። እናትም ብትሆን፣ ልጅም ብትሆን፣ የለም።

ዕውቀት እዚያ አገር በአፍ አይቀመጥም፤ ይሸመናል። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ረጅም ሸማ አለው። የዘሪዎች ሸማ አለች፣ የብረት አቅላጮች ሸማ አለች፣ የአዋላጆች ሸማ አለች። ከሁሉ የምትፈራው የውሃዋ ሸማ ናት። የአገሪቱ ሰማይ ቆንቋና ነው፣ ዝናብ አይሰጥም። ሕዝቡ የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው፤ የት እንደሚቆፈር፣ ቋጥኝ ሲያጋጥም በየት እንደሚዞር፣ መራራው ውሃ ከጣፋጩ በምን እንደሚለይ የተሸመነው በእሷ ላይ ነው። እሷን ያጣ ሕዝብ ቢቆፍር ቢቆፍር የሚያገኘው አፈር ነው።

ክፍፍሉ ሲቃረብ ሸማኔዎች ለእያንዳንዷ ሸማ እህት ይሠሩላታል። ድር በድር፣ ማግ በማግ፣ አንዲት ክር ሳትዛነፍ። ሁለቱ እህትማማቾች ጀርባና ጀርባ ሆነው ወገባቸው ላይ በአንድ ቋጠሮ ይታሰራሉ። በክፍፍሉ ቀን አንዷ ከምሥራቁ ግንብ በሚመጣ ገመድ፣ ሌላዋ ከምዕራቡ በሚመጣ ገመድ ትያዛለች። ቋጠሮው ሲፈታ እኛ እንጎትታለን፤ አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ። ሁለቱም አገር ሙሉ ዕውቀት ይዞ ያድራል። እንዲህ ነው ሥርዓቱ፤ ስታስቡት አያምርም?

ግን ሸማ ያገኙበት ቦታ ይዘው አይጎትቱትም። ጫፏን ብትጎትቱ ትተበተባለች፣ ሌላ ቦታ ብትይዟት ትተረተራለች። ጉተታን የምትችለው ወገቧ ላይ ብቻ ነው። ወገቧን ፈልገው ገመዱን የሚያሲዙት ዳሳሾች የሚባሉ ሹማምንት ናቸው፤ ሥራቸውን የሚሠሩትም ዓይናቸው ታስሮ ነው። ጥለት ካዩ ያዳላሉ ይባላል። ደግሞ ቢያዩም አይጠቅማቸውም። ወገብ ላይ ያለው ሽመና ሸማኔውን እንቅልፍ ይዞት የሠራው ይመስል ያው በያው የተደጋገመ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሌላም ቦታ ይገኛል።

ታዲያ በምን ያውቁታል? በዛጎል! ወገቡ ላይ ዛጎል ተሰፍቷል። ዳሳሹ በጣቶቹ እየዳሰሰ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ዛጎሉን ሲነካ ቀጥ ይላል። ስለ ዛጎሉም ሕግ አለ፤ አዲስ ዛጎል የሚሰፋው አሮጌ ዛጎል ባለበት፣ ከጎኑ ብቻ ነው። ሸማዋ እህት ስታገኝ ዛጎሎቹ እኩሌታ ለእኩሌታ ይካፈላሉ። ክፍፍሉ ካለፈ በኋላ ሁለቱም አገር የጎደለውን ከቀሩት ጎን እየሰፋ ይሞላል። የመጀመሪያውን ዛጎል ማን ሰፋው ልትሉኝ ነው። እኛም ጠይቀን ነበር፤ «ከጎኑ የነበረው» ተባልን።

ገመዱ ከተያዘ በኋላ በቀስታ እንስባለን። ሁለቱ እህትማማቾች ከሁለት ግንብ ተይዘው ከሆነ ቋጠሮው አላላቅቅ ስለሚላቸው ገመዱ ይወጠራል፤ ዳሳሹም «ጠበቀ!» ብሎ ይጮኻል። ተሳስተው ከአንድ ግንብ ብቻ ከተያዙ ደግሞ የሚገታቸው የለምና ገመዱ ይረግባል። ያኔ «ላላ!» ይላል፣ ቆራጩ በቢላው ገመዱን ይቆርጥና እንደገና ይጀመራል። «ላላ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር አልነበረም። እንዲህ ያለ አገር ዛሬ የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ የቆይታ ድንጋይ የሚባል አለ። እዚያ ድንጋይ ላይ አንዲት ሹም ቀኝ እጇን አንስታ ትቆማለች። እጇ እስካልወረደ ድረስ ቋጠሮ አይፈታም፣ ጎታች አይጎትትም፣ ንጉሡም ቢሆን ይጠብቃል። ሌላው ሁሉ ጠብቆ አንዲት ሸማ ብቻ ብትቀር፣ ያቺ አንዲት አገር ታቆማለች።

በዚያ ዘመን ድንጋዩ ላይ የምትቆመው ወይዘሮ ዘርትሁን ነበረች። ከውሃ ቆፋሪዎች ቤት የተወለደች ረጅም ሴት፣ ምላሷ እንደ ቆራጩ ቢላ የሰላ። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ማንያህልሻል የምትባል። ዕጣው ሲወጣ እናትን ወደ ምሥራቅ፣ ልጅን ወደ ምዕራብ አለ። አገሩ ሁሉ አዘነላትም፣ ቀለደባትም። «ዘንድሮ እጇን የምታወርድ መስሏችኋል? ከልጇ ላለመለየት እንደ ሐውልት ደርቃ ትቀራለች!» አሉ። እሷም ሰምታ፣ «ሐውልት ከሆንሁ ርግብ እንዳታርፍብኝ ጠብቁልኝ» ብላ አለፈች። ግን ፊቷን ያየ ሰው ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

አሁን ሊቀ መስፈርት ስንሻውን ላምጣላችሁ። ንጉሡ አዲስ የሾሙት የልክ ሁሉ አለቃ ነው። ዘንግ ይዞ ይዞራል፣ ያገኘውን ሁሉ ይለካል። የበሩን ቁመት ለካ፣ የበሬውን ቀንድ ለካ፣ የሰውን ሳቅ ሊለካ ሲል ነው ያመለጥነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ፍትሕ ይወዳል። ችግሩ ፍትሕ ማለት መሐል ማለት መስሎታል።

አንድ ቀን ሸማዎቹን ለካ። የዘሪዎቹ ወገብ መሐሏ ላይ ሆነ፤ ደስ አለው። የብረት አቅላጮቹ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ሆነ፤ አኮረፈ። የውሃዋ ሸማ ጋ ሲደርስ ወገቧ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ሥር ሆኖ አገኘው። እዚያው ጮኸ።

«ይህ ግፍ ነው! አንገት ላይ ወገብ? አንዱ ወገን ረዘመ፣ አንዱ አጠረ። ይህን እያየን ዝም ስንል ኖርን?»

የዳሳሾቹ አለቃ ውብነህ ሊያስረዳው ሞከረ። «ጌታዬ፣ ወገብ የሚያዝበት ነው እንጂ መሐል አይደለም። ዛጎሉ ያለው እዚያ ነው።»

«ዛጎሉን ማንሳት ይቻላል።»

«ቢነሳ የቆፋሪዎቹ ሽማግሎች ያብዳሉ።»

ነገሩ ንጉሡ ፊት ቀረበ። የቆፋሪዎቹ ሽማግሎች አንገታችን አይነካ አሉ፤ ሊቀ መስፈርት መሐሉ ይከበር አለ። ንጉሡ ሰው ማስቀየም አይወዱም ነበርና አሰቡ፣ አሰቡና ሁሉን ያስደሰተ ፍርድ ሰጡ። ከአንገቱ ዛጎል እኩሌታው ተፈቶ መሐሉ ላይ ይሰፋ፤ እኩሌታው ባለበት ይቅር፤ በእህትየዋም እንዲሁ ይደረግ። ሁለቱም ወገብ ይባል! አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሽማግሎቹ ተሳሳሙ። ሊቀ መስፈርት ዘንጉን ወደ ላይ ወረወረ። ወይዘሮ ዘርትሁን ብቻ ከኋላ ሆና፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ስትል ተሰማች። በጭብጨባ ውስጥ ተረት ማን ይሰማል?

ቀኑ ደረሰ! ወይ ያ ቀን! ግንባችን ላይ ቆመን ሜዳውን ስናይ ሸማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመካከል ተደርድረዋል፤ የምሥራቅ ሰው ወዲህ፣ የምዕራብ ሰው ወዲያ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ወይዘሮ ዘርትሁን ድንጋዩ ላይ ወጥታ እጇን አነሳች። ከበሮው ሲመታ ገመዶቻችን ወረዱ። ዳሳሾቹ ዓይናቸውን ታስረው ጣቶቻቸው ሸማው ላይ ሲሮጡ ልባችን አብሮ ይሮጣል።

«ጠበቀ!» አለ አንዱ። የዘሪዎቹ ናት። «ጠበቀ!» ከወዲያ መለሱለት። እልል! የብረት አቅላጮቹ «ላላ!» ተባለ፤ ቆራጩ ገመዱን ቆረጠው፤ እንደገና ተያዘች፤ «ጠበቀ!» እልል! የአዋላጆቹ ጠበቀች። የግንበኞቹ ጠበቀች። «ጠበቀ፣ ጠበቀ» የሚለው ድምፅ ሜዳውን ሞላው፤ እኔ ግንብ ላይ ሆኜ እንደ ልጅ እዘል ነበር። በመጨረሻ የውሃዋ ቀረች። የእሷ ገመድ የእኔ ነበር።

«ጠበቀ!» አለ ከምሥራቅ ገመድ በኩል አለቃ ውብነህ። «ጠበቀ!» አለ ከምዕራብ ገመድ በኩል ያለው ዳሳሽ፣ ሰውነቱ ይባላል። ሕዝቡ ሆ አለ። አለቀ! ሁሉም ጠበቀ! ሁላችን ወደ ድንጋዩ ዞረን የዘርትሁንን እጅ ጠበቅን።

እጇ አልወረደም።

ከበሮው ቆመ። መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ «አላልናችሁም?» የሚል። ከዚያ ማጉረምረም መጣ። ሊቀ መስፈርት ዘንጉን እየተደገፈ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

«ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ሁሉም ጠብቋል። እጅዎን ያውርዱ።»

«አንደኛዋን ይዩልኝ፣ ሊቀ መስፈርት። መሬት ላይ ተኝታለች።»

እውነቷን ነበር! ሁለት እህትማማቾች በትክክል ሲያዙ ሁለቱም ከመሬት ብድግ ይላሉ። የውሃዋ ሸማ ግን አንዷ ተወጥራ ስትነሳ እህቷ አቧራው ላይ ተዘርግታለች። የሚገርማችሁ፣ ይህን ሁላችንም እናይ ነበር። ግን «ጠበቀ» ተብሏል። ቃሉ ከተባለ በኋላ ዓይኑን ማን ያምናል?

«ከብዳ ይሆናል» አለ ሊቀ መስፈርት። «ጠበቀ ስንት ጊዜ ይባል? ከሁለቱም ወገን ተብሏል። ሕጉን ያውቁታል፤ ሁሉም ከጠበቀ በኋላ እጁን ያላወረደ ከምሥራቅም ከምዕራብም ሳይሆን ቅጥሩ ላይ ይቀራል።»

«አውቀዋለሁ።»

«ይህን የሚያደርጉት ለልጅዎ ነው። አገር ሁሉ ያውቃል።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ወደ ምዕራብ ሕዝብ አየች። ማንያህልሻል ከፊት ቆማለች፣ በእጇ ባዶ እንስራ ይዛለች። ወደ አዲስ አገር የሚሄድ ሁሉ ባዶ እንስራ ይዞ ነው የሚሄደው፤ እዚያ በሚቆፈረው ጉድጓድ ሊሞላ።

«አዎ፣ ለልጄ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያን እንስራ በምን እንደምትሞላው እስካላይ ድረስ አላወርድም! እንድትሄድ አልከለክላትም። ተጠምታ እንድትሞት ግን አልልካትም!»

በዚህ መሐል መዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ገመዱ ጥስ፣ ጥስ ይላል። ክር እየተበጠሰ ነው! ከግንቡ ሆኜ ጮኽሁ፤ «ኧረ እየተቀደደች ነው! የምዕራቦቹ አርግቡ!» ከወዲያኛው ግንብም «እናንተ አርግቡ!» ብለው ጮኹ። ሁለታችንም ትንሽ ለቀቅን።

ወይዘሮ ዘርትሁን እጇን እንዳነሳች ዳሳሾቹን ተጣራች። ዓይናቸውን መፍታት በሕግ አይቻልም።

«አለቃ ውብነህ! ምን ይዘሃል?»

«የውሃዋን ወገብ፣ እመቤቴ።»

«ሰውነቱ! አንተስ?»

«የውሃዋን ወገብ፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም አንድ እጃችሁ የያዛችሁትን እንደያዘ፣ በሌላ እጃችሁ ሸማውን ተከትላችሁ ወደ መሐል እየዳሰሳችሁ ኑ። ቋጠሮውን ስታገኙ ንገሩኝ።»

ሁለቱ ዳሳሾች ዓይናቸው ታስሮ ቀስ እያሉ በጣታቸው ተጓዙ። አንዱ ከአንገቷ ወደ ታች፣ አንዱ ከመሐሏ ወደ ላይ። የሁለት እህትማማቾችን ወገብ ይዘው ቢሆን ኖሮ በመካከላቸው ቋጠሮው ሊያገኛቸው ይገባ ነበር። ቋጠሮ አልመጣም። ጣት ከጣት ተነካካ።

«ማን ነው?» አለ ሰውነቱ ደንግጦ።

«እኔ ነኝ፣ ውብነህ! ይህ ያንተ እጅ ነው?»

«የኔ ነው! ኧረ አለቃ፣ አንድ ሸማ ላይ ነን! አንዲቷን ነው የያዝነው!»

«ላላ!» ብሎ ጮኸ አለቃ ውብነህ፤ ያ የተከበረ ሽማግሌ አለቀሰ። «ጠበቀ ያልነው እርስ በርሳችን ስለተጓተትን ነው! ላላ! ላላ!»

ቆራጩ ዘልሎ ሁለቱንም ገመድ በጠሰ። ሸማዋ እህቷ አጠገብ ወደቀች፤ ከጠርዟ ትንሽ ተቀድዳለች እንጂ ሽመናዋ ደኅና ነበር። ሕዝቡ እንዴት እንደጮኸ ልነግራችሁ አልችልም። ከሳቁት መካከል ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ አየሁ።

አሁን ግን ጠቡ ተነሳ። አንድ ወገብ ብቻ መኖር አለበት፤ ይህን ሁሉም ተረዳ። የትኛው? ሽማግሎቹ «አንገቱ! አባቶቻችን የያዙት!» አሉ። የሊቀ መስፈርት ሰዎች «መሐሉ! ልኩ!» አሉ። ምሥራቅ ከምሥራቅ ተጣላ፣ ምዕራብ ከምዕራብ። ዱላ ሊነሳ ሆነ። ንጉሡ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ምናልባት ሦስተኛ ቦታ ፈልገን...» ማለት ሲጀምሩ ወይዘሮ ዘርትሁን ከድንጋዩ ላይ አቋረጠቻቸው። ንጉሥ ያቋረጠ ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«የትም ይሁን! አንድ ይሁን!» አለች። «ሊቀ መስፈርት ስንሻው፣ እርስዎ ይምረጡ።»

ሊቀ መስፈርት ዘንጉ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «እኔ? ቆፋሪዎቹ የእርስዎ ቤት ናቸው። የአንገቱን ዛጎል የሰፉት የእርስዎ አያቶች ናቸው።»

«ናቸው። ዛጎሉ የሚሰፋው ሸማዋ እንድትያዝ ነው እንጂ አያቶቼ እንዲከበሩ አይደለም። መሐሉ ላይም አሁን አሮጌ ዛጎል አለ፣ ዳሳሽ ያውቀዋል። ይምረጡ።»

«ብሳሳትስ?»

«አንድ ቦታ ላይ ይሳሳቱ፤ ያን እናርመዋለን። ሁለት ቦታ ላይ ትክክል መሆን ነው የሚገድለን።»

ሊቀ መስፈርት ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለቱን ሸማዎች ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ዳሰሰ፤ ሲነካቸው የመጀመሪያው ይመስለኛል። መሐላቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ» አለ በቀስታ። «ግን የአንገቱን ዛጎል እኔው ልፍታው። ሌላ ሰው አይፍታው።» ተንበርክኮ ከሁለቱም እህትማማቾች አንድ በአንድ ፈታና ሁሉንም አምጥቶ የመሐሉ ዛጎል ጎን አኖረው። ቋጠሮውም ወደዚያ ወረደ። ሽማግሎቹ አለቀሱ፣ ግን ማንም አልከለከለም።

አዲስ ገመድ ወረደልኝ። ዳሳሾቹ መጡ፤ ጣቶቻቸው ሮጡ፣ ሮጡ፣ ቀጥ አሉ።

«ጠበቀ!»

«ጠበቀ!»

ሁለቱ እህትማማቾች እንደ ክንፍ ብድግ አሉ! ሁለቱም! እልልታው ግንቡን አናወጠው። ወደ ድንጋዩ ዞርን።

እጇ አልወረደም።

«አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» አሉ ንጉሡ፣ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

ወይዘሮ ዘርትሁን ፊቷ ላይ ላብ ይወርዳል። «አልታዘዝ አለኝ» አለች። «ደንዝዟል። ትከሻዬ ደርቋል።» ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ። «እውነትም ሐውልት ሆንሁ!»

ማንም ሰው ያን እጅ መንካት አይችልም፤ ሥርዓት ነው። ንጉሡ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ማንያህልሻል እንስራዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ከምዕራብ ሕዝብ መሐል ወጣች። ሜዳውን አቋርጣ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ያቆማት የለም። የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ትከሻዋን ቀስ እያለች አሸችላት።

«እማዬ፣ ሁለቱም ተነስተዋል። አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«ላውርደው?»

ወይዘሮ ዘርትሁን መሬት ላይ የቀረውን እንስራ አየች። እጁ ሲወርድ ልጇ ከዚያ ድንጋይ በምዕራብ በኩል እንደምትወርድ፣ እሷም በምሥራቅ በኩል እንደምትወርድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሁላችንም እናውቃለን።

«እንስራሽ አፉ ጠባብ ነው» አለች በመጨረሻ። «ስትቀጂ አትቸኩይ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«አውርጂው።»

ማንያህልሻል የእናቷን እጅ ሳመችና በቀስታ አወረደችው። ቋጠሮው ተፈታ። እኔም ጎተትሁ፤ ገመዱ በመዳፌ ውስጥ ቀለለ፣ ቀለለ፣ ሸማዋም ወደ እኔ መጣች፤ እህቷ በዚያኛው ግንብ በኩል ስትሄድ ከሩቅ አየኋት። ከዚያ ቅጥሩ ቆመ።

በእኛ በኩል ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ወጣ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ለወይዘሮ ዘርትሁን ሰጠናት። አልጠጣችም፤ ይዛው ቅጥሩ ሥር ሄዳ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ብዙ ቆየች። ከወዲያ በኩል፣ በቅጥሩ ውስጥ እየሰረሰረ፣ አፉ ጠባብ የሆነ እንስራ ውሃ ሲሞላ የሚያሰማው ድምፅ መጣ። ያኔ ጠጣች።

እናንተም ጠጡ፤ የእኔ ጉሮሮ ደርቋል።